በመስመር 3 ሴንት ማለት በሰዓት ስንት ነው? ስለ ሜዲካል ትራንስክሪፕሽን ሥልጠና፣ ክፍያና ቅጥር

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «ሐዋሳ ነው የምኖረው። በጤና መረጃ ቴክኒሺያንነት በደረጃ 4 ተመርቄ ሲኦሲ አልፌአለሁ፤ ሥራ ግን አላገኘሁም። አቶቴ አካባቢ ያለ አንድ ማሠልጠኛ ሜዲካል ትራንስክሪፕሽን በ3 ወር አስተምሮ ‹ዓለም አቀፍ ሰርተፊኬት› እንደሚሰጥና ከውጭ ድርጅት ጋር እንደሚያገናኘኝ ነግሮኛል። ክፍያው 18,000 ብር ነው። ሥራው ላይ በመስመር 3 የአሜሪካ ሴንት ይከፈላል፤ የመጀመሪያዎቹ 2 ወራት ግን ‹መለማመጃ› ስለሆኑ ክፍያ የላቸውም። ጓደኞቼ ደግሞ ኤአይ መጥቶ ይህ ሥራ አልቋል ይሉኛል። ልመዝገብ ወይስ ይቅርብኝ?»

በቀረበልዎ መልክ አይመዘገቡ። ሙያው፣ ማለትም ሐኪም በድምፅ የቀዳውን የታካሚ ማስታወሻ ሰምቶ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ፣ አላለቀም፤ ይሁን እንጂ ሰምቶ መጻፍ ብቻውን የሚያበላበት ዘመን አልፏል። ዛሬ ዋጋ ያለው ማሽን የጻፈውን ከድምፁ ጋር እያስተያየ ስሕተቱን የሚያወጣ ሰው ነው። እርስዎ ደግሞ የሕክምና ቃላትን ከዜሮ አይጀምሩም፤ ስለዚህ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ስሌቱን አብረን እንሥራ።

በመስመር 3 ሴንት የሚለው ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግርዎትም። በዚህ ሙያ መስመር ማለት ገጹ ላይ የሚታየው ረድፍ አይደለም። የተለመደው መለኪያ 65 ቁምፊ (ፊደል፣ አኃዝ ወይም ምልክት) ነው፤ በቃላት መካከል ያለው ክፍተትም እንደ አንድ ቁምፊ ይቆጠራል። አንድ ሐኪም በደቂቃ 130 ቃል ይናገራል እንበል። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ከክፍተቱ ጋር 6 ቁምፊ ቢሆን 780 ቁምፊ፣ ማለትም 12 መስመር ይወጣዋል። የ10 ደቂቃ ድምፅ 120 መስመር ነው፤ በ3 ሴንት ሲባዛ 3 ዶላር ከ60 ሴንት።

አሁን ጊዜውን ያስገቡ። ለ1 ደቂቃ ድምፅ ጀማሪ 8 ደቂቃ ቢፈጅበት የሚያስደንቅ አይደለም፤ መልሶ ይሰማል፣ የመድኃኒት ስም ይፈልጋል፣ ጨርሶም ያነባል። 10 ደቂቃው 80 ደቂቃ ወሰደ ማለት ነው፤ ይህም በሰዓት 2 ዶላር ከ70 ሴንት ይሆናል። ልምድ ያለው ሰው ያንኑ ፋይል በ40 ደቂቃ ከጨረሰው በሰዓት 5 ዶላር ከ40 ሴንት ያገኛል። አንድ ዓይነት የመስመር ዋጋ፣ በእጥፍ የሚለያይ ገቢ።

ከዚህ በኋላ የሚመጡት ቅነሳዎች ናቸው፤ ሰዎች የሚጎዱትም በብዛት እዚህ ላይ ነው። ድርጅቱ ክፍተቱን አልቆጥርም ካለ በደቂቃ 780 የነበረው ቁምፊ ወደ 650 ይወርዳል፤ 12 መስመርዎ 10 ሆነ፣ የሰዓት ገቢዎም 2 ዶላር ከ25 ሴንት። በአንድ ቁልፍ የሚገቡ የተዘጋጁ አንቀጾችን፣ የራስጌና የግርጌ ጽሑፍን አልቆጥርም ካለ ደግሞ ሌላ ይቀንሳል። ፋይል በማይኖርበት ጊዜ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠው የሚጠብቁበት ሰዓትም አይከፈልም፤ 8 ሰዓት ተቀምጠው 5 ሰዓት ከሠሩ 2 ዶላር ከ70 የነበረው 1 ዶላር ከ69 ነው። የተመለሰ ፋይል ማረምም በነፃ ነው።

ሌላው ወጥመድ «ኤዲቲንግ» የሚሉት ነው። ማሽን የጻፈውን ረቂቅ ማረም በተለምዶ የትራንስክሪፕሽኑን ግማሽ ያህል ይከፈለዋል፤ 3 ሴንት የነበረው 1.5 ይሆናል። ይህ የሚያዋጣው ረቂቁ ሥራውን በግማሽ ወይም ከዚያ በታች ጊዜ ካስጨረሰ ብቻ ነው። ሐኪሙ የሚያጉረመርም ወይም ማሽኑ ያልለመደው አነጋገር ያለው ከሆነ ግን ረቂቁን ከማረም እንደ አዲስ መጻፍ ይቀላል፤ ያኔ ሙሉ ጊዜ ሠርተው ግማሽ ዋጋ ይቀበላሉ። ስለዚህ «ረቂቁ መጥፎ ሲሆን ፋይሉን ወደ ሙሉ ትራንስክሪፕሽን ዋጋ መቀየር ይቻላል?» ብለው ይጠይቁ። የሚቻልባቸው ድርጅቶች አሉ።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይባላል፤ እዚህም መመጠኛው ስልክዎ ላይ ያለው ሰዓት ቆጣሪ ነው። የሙከራ ፋይል ሲሰጥዎ ካወረዱበት ደቂቃ ጀምሮ እስከላኩበት ድረስ ይያዙ። በ5 ፋይል ያደረጉት ልኬት ከማንም ማስታወቂያ የበለጠ ስለ ገቢዎ ይነግርዎታል። የትየባ ፍጥነትዎ ብቻ እንዳያታልልዎት። በትየባ መለኪያ አንድ ቃል 5 ቁምፊ ተብሎ ስለሚቆጠር በደቂቃ 60 ቃል መተየብ በወረቀት ላይ በሰዓት 277 መስመር ነው፤ መልሶ መስማቱ፣ ማጣራቱና ማንበቡ ሲገባ ግን ከዚያ ግማሹን ማግኘትም ትልቅ ነገር ነው።

ከዋጋው ቀጥሎ፣ ምናልባትም ከእርሱ በላይ፣ የሚጠይቁት ስለ ባዶ ቦታ ነው። ቃሉ ካልተሰማዎት አይገምቱም፤ ባዶ ቦታ ትተው፣ ድምፁ ላይ ያለበትን ደቂቃና ሰከንድ ጽፈው፣ ለአራሚው ወይም ለሐኪሙ ይልካሉ። ይህ የሙያው ሕግ ነው። አንዳንድ ቀጣሪ ግን በፋይል ከ2 ወይም 3 ባዶ ቦታ በላይ ከተገኘ ይቀጣል። ቅጣት የፈራ ሠራተኛ ይገምታል፤ ግምቱም በታካሚው መዝገብ ላይ እንደ እውነት ይቀመጣል። በአሜሪካ አላባማ ግዛት የደረሰው ይታወቃል፦ ሐኪሙ «8 ዩኒት ኢንሱሊን» ያለው፣ ከሆስፒታል የመውጫ ማጠቃለያው ላይ 80 ሆኖ ተጻፈ፣ ሳይታረምም አለፈ፣ ታካሚዋ ሞተች። ጽሑፉ የተሠራው በሦስተኛ ወገን በኩል ባሕር ማዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ዳኞች የ140 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ወሰኑ። ለአንድ ዜሮ።

ስለዚህ ቀጣሪው ጥራትን እንዴት እንደሚመዝን በጽሑፍ ይጠይቁ። በሙያው የተለመደው የጥራት ወለል 98 በመቶ ነው፤ ግን ስሕተት ሁሉ እኩል አይቆጠርም። የመድኃኒት ስም፣ መጠን፣ ግራና ቀኝ፣ «የለውም» የሚለው ቃል መውደቅ ከባድ ስሕተቶች ናቸው፤ ነጠላ ሰረዝ ቀላል ነው። ነጠላ ሰረዝንና የመድኃኒት መጠንን በእኩል ነጥብ የሚቀጣ ድርጅት ጥራትን ሳይሆን የደመወዝ መቀነሻን ይዟል ብለው ይውሰዱት። ባዶ ቦታን ከግምት የባሰ አድርጎ ከሚቀጣው ጋር ደግሞ አይሥሩ።

ጓደኞችዎ ስለ ኤአይ ያሉት በከፊል እውነት ነው። ድምፅን ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች ትልቁን ድርሻ ወስደዋል፤ የሐኪሙንና የታካሚውን ንግግር አዳምጠው ማስታወሻ የሚያረቅቁም አሉ። በዚህ ዘርፍ ስሙ የገነነውን ኑዋንስ የተባለ ኩባንያ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2022 ገዝቶ መጨረሱ ገንዘቡ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ያሳያል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 217 የሐኪም ማስታወሻዎችን መርምሮ ነበር። ከማሽኑ እንደወጡ ከ100 ቃል 7.4 ያህሉ ስሕተት ነበረባቸው፤ ትራንስክሪፕሽኒስት ካያቸው በኋላ ወደ 0.4 ወረደ፤ ሐኪሙ ከፈረመ በኋላ 0.3 ሆነ። ልብ ይበሉ፤ ከ7.4 ወደ 0.4 ያወረደው ሐኪሙ አይደለም፣ በመካከል ያለው ሰው ነው። ማሽኖቹ ከዚያ ወዲህ ተሻሽለዋል፤ ዛሬ ዓረፍተ ነገራቸው የተስተካከለ ስለሆነ ግን ስሕተታቸው ለዓይን አይጎላም። ሐኪሙ ዝም ባለበት ቦታ ያልተናገረውን ዓረፍተ ነገር የሚሞሉም አሉ። ድምፁን ሳይሰሙ ጽሑፉን ብቻ የሚያነቡ ከሆነ ይህን ፈጽሞ አይይዙትም።

እናም ሥልጠና ሲመርጡ ይህንን ይመዝኑ። የ3 ወሩ ትምህርት በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 2 ሰዓት ቢሆን 120 ሰዓት ነው። 40ው ለትየባ፣ 50ው ለሕክምና ቃላት ከሄደ ለድምፅ የሚተርፈው 30 ሰዓት ነው። በጀማሪ ፍጥነት በ30 ሰዓት የሚሠራው ድምፅ 4 ሰዓት እንኳን አይሞላም፤ የ10 ደቂቃ ፋይል 22 ያህል ብቻ። በዚህ ልምምድ የሕንድ፣ የናይጄሪያና የቴክሳስ አነጋገር ያላቸውን ሐኪሞች፣ በኮሪደር እየሄዱ ወይም ምሳ እየበሉ የሚናገሩትን፣ «አይ፣ እሱን ተይውና እንዲህ ብለሽ ጻፊ» እያሉ ሐሳባቸውን የሚቀይሩትን መለየት አይቻልም። ለአሠልጣኙ የሚቀርበው አንድ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ስማቸው የተሰረዘ የሐኪም ድምፆች ከነትክክለኛ መልሳቸው ስንት ሰዓት አላችሁ? የእኔን ሥራ በፋይል በፋይል የሚያርመውስ ማነው?» መልሱ የቃላት ዝርዝርና የቪዲዮ ትምህርት ከሆነ ያንን በራስዎ ማግኘት ይችላሉ፤ የቃላቱን አብዛኛውን ደግሞ ኮሌጅ ተምረውታል።

«ዓለም አቀፍ ሰርተፊኬት» የሚለውን በተመለከተ፦ በአሜሪካ ይህን ሥራ ለመሥራት የመንግሥት ፈቃድ አይጠየቅም። በሙያው ሲታወቁ የቆዩት መለያዎች እ.ኤ.አ. በ1978 የተመሠረተውና በ2007 ስሙን የቀየረው የአሜሪካ ባለሙያዎች ማኅበር የሰጣቸው አርኤችዲኤስ እና ሲኤችዲኤስ ናቸው፤ የመጀመሪያው ለጀማሪ፣ ሁለተኛው ልምድ ላለው። ማሠልጠኛው የሚሰጥዎ ወረቀት ከነዚህ አንዱ ካልሆነ የማሠልጠኛው ወረቀት ነው። ቀጣሪዎች የሚያዩትም ወረቀቱን ሳይሆን የፈተና ፋይልዎን ነው።

ራስዎን ለማዘጋጀት ከጤና ትምህርት የመጣ ሰው የሚጎድለው ቃሉን ማወቅ ሳይሆን ቃሉን በጆሮ ማወቅ ነው። እኛ አገር የሕክምና እንግሊዝኛ በዓይን ይነበባል፣ በአማርኛ ድምፅ ይነገራል። ሃይፐርቴንሽንና ሃይፖቴንሽን፣ ለመዋጥ መቸገር የሆነው ዲስፌጂያና የንግግር መታወክ የሆነው ዲስፌዢያ፣ ሃይድራላዚንና ሃይድሮክሲዚን፣ ሴሌብሬክስና ሴሌክሳ በፈጣን ንግግር ይቀላቀላሉ። ፊፍቲን እና ፊፍቲም እንዲሁ፤ 15 ሚሊግራም 50 ይሆናል። ኢሊየም የሚባለው ደግሞ በድምፅ ፈጽሞ አይለይም፤ አንዱ የዳሌ አጥንት፣ ሌላው የትንሹ አንጀት የመጨረሻ ክፍል ነው። የሚለየው በአንድ ፊደልና በዓረፍተ ነገሩ ሐሳብ ነው። ስለ ስብራት ከሆነ አጥንቱ፣ ስለ ክሮንስ በሽታ ከሆነ አንጀቱ። ጥሩ ትራንስክሪፕሽኒስት ማለት ሐሳቡን ተከትሎ «ይህ እዚህ አይገባም» የሚል ሰው ነው።

የመድኃኒት ስሞች ላይ የተለየ ጊዜ ይስጡ፤ የተማሩት ስም አሜሪካዊው ከሚጠራው የሚለይባቸው ብዙ አሉ። እኛ ፓራሲታሞል የምንለው እነሱ ዘንድ አሲታሚኖፌን ነው። ሳልቡታሞል አልቡቴሮል፣ ግሊበንክላማይድ ግላይቡራይድ፣ ፔቲዲን ሜፔሪዲን፣ አድሬናሊን ኤፒነፍሪን፣ ሪፋምፒሲን ሪፋምፒን ይባላል። የሰሙትን ወደሚያውቁት ስም መቀየር ስሕተት ነው፤ የተባለው ይጻፋል። ሙቀት በፋራናይት፣ ክብደት በፓውንድ ይነገራል፤ ቀን ሲጻፍ ወሩ ይቀድማል፣ 03/04 ማለት ማርች 4 ነው።

አጻጻፉም የራሱ ክልከላ አለው። የአሜሪካ ሆስፒታሎችን የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን አይጻፉ ያላቸው አሕጽሮተ ቃላት አሉ። ዩኒት የሚለው ቃል ሙሉውን ይጻፋል፤ በአንድ ፊደል ከተጻፈ ዜሮ ወይም 4 ይመስላል። 5 ሚሊግራምን 5.0 ብሎ መጻፍ ክልክል ነው፤ ነጥቡ ካልታየ 50 ይነበባል። በተቃራኒው ግማሽ ሚሊግራም 0.5 ተብሎ ነው የሚጻፈው፤ የፊት ዜሮው ከወደቀ 5 ይሆናል። «በየቀኑ» እና «በየሁለት ቀኑ» የሚሉት የላቲን ምሕጻሮችም በሙሉ ቃል ይተካሉ። ይህን ሰንጠረዥ በቃልዎ ይያዙት፤ የፈተና ፋይል የሚያዘጋጁ ሰዎች ሆን ብለው ያስገቡታል።

እንግሊዝኛው ላይ የአማርኛ ተናጋሪን የሚጥለው ሌላው ነገር «ዘ» እና «ኤ» የሚሉት መስተአምራት መውደቅና የኃላፊ ጊዜ ነው። አማርኛ በቅጥያ የሚለውን እንግሊዝኛው በተለየ ቃል ስለሚለው ጆሯችን ይዘለዋል። ለ2 ሳምንት የጻፉትን ሁሉ ለዚህ ብቻ ሲሉ አንድ ጊዜ በተጨማሪ ያንብቡት፤ ለውጡን ያዩታል።

ዕቃው ብዙ አያስወጣም። ጆሮን የሚሸፍን ባለ ገመድ ሄድፎን፣ የሚመችዎ ኪቦርድ፣ ቢያንስ 4 ሰዓት የሚቆይ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ። የእግር ፔዳል ምቾት እንጂ ግዴታ አይደለም፤ ኤክስፕረስ ስክራይብን በመሰለ ማጫወቻ ድምፁን በኪቦርዱ የላይኛ ቁልፎች ማስቆምና መመለስ ይቻላል። በዎርድ ላይ ያለው አውቶኮሬክት ደግሞ በነፃ የሚገኝ የፍጥነት ምንጭ ነው፤ በ3 ፊደል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያስገባል። ኢንተርኔቱ ብዙም አያስጨንቅ፤ የ10 ደቂቃ ድምፅ በተለመደው የንግግር ጥራት 2.4 ሜጋባይት ያህል ነው። የሚያስጨንቀው መብራትና ኔትወርክ አብረው ሲጠፉ ነው፤ ስለዚህ ከዋይፋዩ ሌላ የሞባይል ፓኬጅ ይኑርዎ። «ለሶፍትዌርና ለሄድፎን መያዣ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቀጣሪ ካጋጠመዎ ይተዉት።

ወደ ቅጥሩ እንምጣ። «2 ወር ያለ ክፍያ» የሚለውን ከፈተና ይለዩት። አጫጭር 2 ወይም 3 ፋይል መፈተኛ ተብሎ በነፃ ቢሰጥ የተለመደ ነው። ለ2 ወር በየቀኑ የደንበኛ ፋይል ሠርተው ካስረከቡ ግን ድርጅቱ የሸጠው የእርስዎን ሥራ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ በጽሑፍ መደረግ አለበት፤ በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛም የሌላውን ሠራተኛ መብት ይዞ ነው የሚሠራው፣ ደመወዝን ጨምሮ። ይኸው አዋጅ የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ከሠራተኛው ላይ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ እንዳይቀበል ያደርጋል። ማሠልጠኛው «18,000ው የሥልጠናም የማገናኛም ነው» ካለ የትኛው ለየትኛው እንደሆነ በደረሰኝ ይለይልዎ።

ሠራተኛ ነዎት ወይስ በራስዎ የሚሠሩ ኮንትራክተር? ሰዓትዎን የሚወስነው፣ የሚቆጣጠርዎና በእርሱ ቢሮ የሚያሠራዎ አገር ውስጥ ያለ ድርጅት ከሆነ የቅጥር ውል ይጠይቁ። ያኔ ድርጅቱ ለጡረታ 11 በመቶ ይከፍላል፣ ከእርስዎ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድም 16 የሥራ ቀን ነው። በቀጥታ ከውጭ ጋር በኮንትራት ከሠሩ ግን ጡረታም ፈቃድም የለም፤ የዶላሩን ዋጋ ከደመወዝ ጋር ሲያወዳድሩ ይህን ቀንሰው ያስቡ። ክፍያው በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ባንክ፣ የማስተላለፊያውን ወጪ ማን ችሎ እንደሚገባ ውሉ ላይ ይስፈር። ያልተከፈለ ደመወዝ ወይም የትርፍ ሰዓት ካለ ዝም ብለው አይቆዩ፤ እንዲህ ያለው ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር በይርጋ ይታገዳል። የዲፕሎማዎን ኦሪጅናል ለማንም አያስረክቡ፤ ኮፒ ይበቃል።

የሥራ ሰዓቱን ከመፈረምዎ በፊት ወደ እኛ ሰዓት ይቀይሩት። ኒውዮርክ ጠዋት ሥራ ሲገባ፣ እነሱ 8 ሰዓት ሲሉ፣ ሐዋሳ ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ የካቲት መጨረሻ ወይም መጋቢት መግቢያ ድረስ ደግሞ 10 ሰዓት ይሆናል፤ እነሱ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ። ከነምሳ እረፍቱ 9 ሰዓት ከቆዩ የሚወጡት እኩለ ሌሊት ወይም ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ከፒያሳ ታቦር ድረስ ባጃጅ ፍለጋ መውጣት የለብዎትም፤ ትራንስፖርቱን ድርጅቱ ያቅርብ፣ ወይም ከቤት መሥራት ይፈቀድ። በአዋጁ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.75፣ ቀን የሚሠራው በ1.5 ይባዛል። ነፍሰ ጡር ሠራተኛን በዚያ የሌሊት ሰዓት ማሠራት ክልክል ነው።

ድርጅቱ ምን ዓይነት እንደሆነ በፍጥነት የሚያሳይ ሌላ ነገር አለ፦ ድምፁ እንዴት ይደርስዎታል? የአሜሪካ የጤና መረጃ ሕግ የሆነው ሂፓ (እ.ኤ.አ. 1996) ሆስፒታሉ ከሚያሠራው ድርጅት ጋር የምስጢር ውል እንዲፈርም ያስገድዳል፤ ያ ግዴታ እስከ እርስዎ ድረስ ይወርዳል። ፋይሉ የይለፍ ቃልና ሁለተኛ ማረጋገጫ ባለው ሥርዓት መምጣት አለበት። የታካሚ ድምፅ በቴሌግራም የሚልክ ቀጣሪ ካለ ሕጉን አያውቅም፣ ወይም ሥራውን ከሌላ ሰው በስውር ተቀብሎ እያስተላለፈ ነው፤ በሁለቱም መንገድ ክፍያዎ አስተማማኝ አይደለም። በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ካፌ ውስጥ አይሥሩ፣ የታካሚ ጽሑፍ ነፃ የኤአይ መሣሪያ ውስጥ አያስገቡ፣ ላፕቶፑን ለቤተሰብ አያጋሩ።

አሁን ማሠልጠኛው ያልነገረዎ ነገር። ሐዋሳ ላይ ከዚህ ሙያ ጋር የሚገናኝ ሥራ የውጭ ድርጅት ሳይጠብቁም አለ። የመጀመሪያው የኤክስሬይ፣ የአልትራሳውንድ፣ የሲቲ ስካንና የፓቶሎጂ ሪፖርት መተየብ ነው። በከተማው የምርመራ አገልግሎት የሚሰጡ የግል ተቋማትን በር ያንኳኩ። የዚህ ሥራ ስሕተት ሐኪም በድምፅ ከሚያስጽፈው (ዲክቴሽን) ይለያል፤ ሪፖርቱ በተዘጋጀ ፎርም ላይ ስለሚሞላ የ«ኖርማል» ፎርሙ ዓረፍተ ነገር ሳይጠፋ ይቀራል። ማሕፀኗ በቀዶ ሕክምና የወጣላት ሴት «ማሕፀን፦ ጤናማ» ተብሎ ይወጣል። ግራና ቀኝ ይገለበጣል። በሐበሻ ሰዓት 3 ሰዓት የተባለው በፈረንጅ 9 መሆኑ ይረሳል፤ የምርመራ ሰዓት ሲጻፍ አንዱን ሥርዓት መርጦ መጽናት ነው። ናሙና ይዘው ለመሄድ 5 የፈጠራ ሪፖርቶችን በንጹሕ ቅርጽ ያዘጋጁ። የእውነተኛ ታካሚ ሪፖርት ፎቶ አንሥተው ናሙና ነው ብለው ካሳዩ ግን በዚያው ቅጽበት ሥራውን አጥተዋል።

ሁለተኛው የጥናት ቃለ ምልልስ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ውስጥ ስለሆኑ ለዚህ ከማንም ይቀርባሉ። በሕዝብ ጤና፣ በነርሲንግና በሚድዋይፍሪ የማስተርስ ጥናት የሚሠሩ ሰዎች ከታካሚዎችና ከእናቶች ጋር ያደረጉትን ቃለ ምልልስ ቃል በቃል አስጽፈው ወደ እንግሊዝኛ ያስተረጉማሉ። ማሽኑ እዚህ ላይ ደካማ ነው። አማርኛውን እየቆራረጠ ይጽፋል፤ አማርኛና ሲዳሙ አፎ እየተቀላቀለ ሲነገር ደግሞ ጨርሶ ይጠፋበታል። ሲዳሙ አፎ ሰምተው በላቲን ፊደሉ መጻፍ ከቻሉ በዚህ ከተማ ብዙ ተወዳዳሪ አይኖርዎትም።

ዋጋውን በድምፅ ሰዓት ይነጋገሩ፣ ግን በሥራ ሰዓት ያስሉ። የ1 ሰዓት ቃለ ምልልስ ለመገልበጥ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል፤ ድምፅ የሚደራረብበት የቡድን ውይይት ከዚያም ይበልጣል። ትርጉሙ ያንኑ ያህል ሊወስድ ስለሚችል ለ1 የድምፅ ሰዓት የሚጠሩት ዋጋ የ10 ሰዓት ያህል ድካምዎ ነው። ትርጉሙን ለብቻ ያስከፍሉ። «እእ»፣ «ማለቴ»፣ ሳቅና ዝምታ ይጻፍ ወይስ ይውጣ? ተናጋሪዎቹ በቁጥር ይለዩ? ደቂቃው በስንት ስንት ይመዝገብ? ከመጀመርዎ በፊት ይወሰን፤ ከጨረሱ በኋላ «ሁሉም ነገር ይጻፍ ነበር» ከተባሉ ከዜሮ ነው የሚጀምሩት። የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች ሠርተው ያሳዩና ከተስማሙ ይቀጥሉ። አጥኚው የሥነ ምግባር ቦርድ ፈቃድ እንዳለው ይጠይቁ፣ የምስጢር ስምምነት ይፈርሙ፣ ሥራው ሲያልቅ ድምፁን ያጥፉ። ግማሹን ክፍያ በቅድሚያ መጠየቅ ነውር የለበትም። የጥናቱ ገንዘብ የሚለቀቅበትን ቀን ሲጠብቁ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ።

ይህን ለ4 ወይም 5 ወር ቢሠሩ ጆሮዎ ይሠለጥናል፣ ገንዘብም ያገኙበታል። ከጎኑ በቀን አንድ ሰዓት የእንግሊዝኛ ድምፅ ቢጨምሩ የውጭ ድርጅት ፈተና ሲመጣ ዝግጁ ነዎት። ማሠልጠኛውን ጨርሰው መተው ካልፈለጉ ደግሞ ከመክፈልዎ በፊት ይህን መልእክት ይላኩላቸው፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ፦

«ሥራውን የሚሰጠው ድርጅት ስም ማን ነው? መስመሩ ስንት ቁምፊ ነው፣ ክፍተት ይቆጠራል? የኤዲቲንግ ዋጋው ስንት ነው? ባዶ ቦታ ያስቀጣል? ድምፁ በምን ሥርዓት ይደርሳል? ከእናንተ ሠልጥነው ዛሬ እየተከፈላቸው ካሉት ሁለቱን፣ ፈቃደኛ ከሆኑ፣ ልታገናኙኝ ትችላላችሁ? በ3 ወር ውስጥ ፈተናውን ካላለፍኩ ከ18,000 ብሩ የሚመለስልኝ ስንት ነው?»